ማን ተያዘ?

አሶሳ ውስጥ በአማርኛና በበርታ ቋንቋ መሀል ቆመን የምንውል ሰዎች «ያዘ» የሚባል ግሥ አንገሽግሾናል። ዳኛው፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሁሉም ያለ እሱ አፋቸውን አይከፍቱም።

የችሎቱን ውሎ ብቻ እንይ። ተከሳሽ ተይዞ ይመጣል። በስሙ መዝገብ ተይዟል። ጠበቃ እንዲይዝ ይነገረዋል። ጭብጥ ይያዛል። ቤቱ ለባንክ በመያዣነት ተይዟል። በመጨረሻ ቀጠሮ ይያዝና ሁሉም ይነሳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእጅ የተያዘው ሰውየው ብቻ ነው። የቀረውን በየመልኩ ፈትቶ፣ ለእያንዳንዱ ሌላ አነጋገር ፈልጎ ማስረዳት የአስተርጓሚው ዕዳ ነው፤ ያውም ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ።

አንድ ጊዜ ለሥራው አዲስ የሆነ ልጅ «ለሐምሌ 8 ቀጠሮ ተይዟል» የሚለውን እንዳለ አወረደው። በመሬት ክርክር ከሳሽ ሆነው የመጡት ሽማግሌ ዘወር ብለው በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አዩ። «ልጄ፣ ማንን ነው የያዙት? እኔ እንደሆነ በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት» አሉት። ዳኛው ምን እንዳሉ ጠየቁ። ልጁ ላብ አጠመቀውና «ቀጠሮው ገብቷቸዋል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ተገላገለ። ሐምሌ 8 ቀን ሽማግሌው አልመጡም።

ጥፋቱ የማን ሆነ? የልጁ ነዋ! ልጁን ማን እንዳሠለጠነው ግን የጠየቀ የለም፤ የሠለጠነም አልነበረምና። አብዛኞቻችን ወደዚህ ሥራ የገባነው «እስቲ እዚህ ቋንቋ የሚችል አለ?» ተብሎ ከኮሪደር ተጠርተን ነው። ዘበኛም ይሁን ተላላኪ ወይም ለሌላ ጉዳይ የመጣ ባለጉዳይ፣ ቋንቋውን ከቻለ አስተርጓሚ ነው።

ደግሞ «ቃል በቃል ተርጉም» ይሉናል። ቃል በቃል ስንተረጉም ሽማግሌው ፖሊስ ያያሉ፤ አብራርተን ስንተረጉም «እኔ ሁለት ቃል ተናገርኩ፣ አንተ ምነው ሩብ ሰዓት ፈጀህ?» ይባላል። የበርታ ቋንቋ የድምፅ መነሳትና መውደቅ ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ተጣድፎ መናገር ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ይህን ግን ለማን ታስረዳለህ?

ጤና ጣቢያ ብትሄድም ያው ነው። «ምን ያዘህ?»፣ «ወባ ይዞታል»፣ «ፅንስ ይዛለች»። የግብርናው ሰው ደግሞ የማንጎው ችግኝ «ያዘ ወይስ አልያዘም?» ይላል። ስብሰባ ላይ አጀንዳ ይያዛል፣ አቋም ይያዛል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አንድ ባልደረባችን ለመንገዱ «በጀት ተይዟል» የሚለውን «ገንዘቡ ታስሯል» ብሎ ቢተረጉመው ተሰብሳቢው ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ፤ ማንም አልተገረመም። እውነቱን ለመናገር ያንን ትርጉም ስህተት ለማለት እኔም ይከብደኛል።

ገበያ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ከወሎ መጥተው የሰፈሩትና የበርታ ሴቶች ማንጎ ሲገበያዩ አማርኛውንም ዐረብኛውንም የእጅ ምልክቱንም ቀላቅለው ይግባባሉ፤ ዋጋ ላይ የሚሳሳት የለም። ችግሩ የሚጀምረው ማኅተም ያለበት ቤት ሲገባ ነው። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው፤ የቢሮው ቋንቋ ግን አማርኛ ነው።

ሕጉስ ደህና ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ርእሱ ራሱ «የተያዙ ሰዎች መብት» ነው፤ እዚያ ላይ እንኳ ግሡ እንደ ወጉ ሰው መያዝን ነው የሚናገረው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማያውቀው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በሚገባው ቋንቋ የሚያስገባለት ሰው ከየት እንደሚመጣ ነው የጠፋው።

መዝገበ ቃላት ፈልጉ የሚሉን አሉ። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ቋንቋዎች ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው አለ፤ ላዘጋጁት ምስጋና ይድረሳቸው። ነገር ግን ከበርታ ተነስቶ ወደ እንግሊዝኛና አማርኛ የሚሄድ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንመጣው ከአማርኛው በኩል ነው። ማዶ ቆመን ጀልባው ሁልጊዜ ከወዲያኛው ዳር ይነሳል።

የቀረው የስልኩ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ አንድ ወጣት ሰሞኑን እሮሮዬን ሰምቶ ሳቀና «ጎግል እያለ ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ተቀብዬ ዝርዝሩን ወረድኩ። አማርኛ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ መቶ አሥር ቋንቋዎች ሲጨመሩ አፋርኛም ገብቷል። በርታን አጣሁት። ጉሙዝን ፈለግኩ፣ ሽናሻን ፈለግኩ። ስልኩን መለስኩለትና «እንካ፣ ያዝ» አልኩት።