አገር በትራንዚት

ባሕር የለንም እንጂ የመርከብ ቱሪስትስ ሞልቶናል። የፖሊኔዥያ ደሴት ላይ ለግማሽ ቀን ወርዶ፣ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ተጠልቆለት፣ ጡሩንባ ሲነፋ የሚመለሰው ዓይነት እኛ ዘንድ «ትራንዚት» ተብሎ ቦሌ ይወርዳል። ከሎሜ መጥቶ ወደ ጓንዡ የሚሻገር መንገደኛ፣ በሁለት በረራዎች መካከል አንድ አገር ጨርሶ ይሄዳል።

መርሐ ግብሩ ያው ነው። መርካቶ በመኪና መስኮት፤ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ ዘንድ አምስት ደቂቃ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለጠበቀች ሴት አምስት ደቂቃ አነሰ የሚል ካለ፣ የቦሌን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት አላየውም ማለት ነው።

ዋናው ግን ቡናው ነው። የፕላስቲክ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል፤ ፈንዲሻው ተበትኗል። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ቆልታ ጢሱን ወደ መንገደኛው አፍንጫ ታቀርብለታለች፤ እሱ ስልኩን ወደ ጢሱ ያቀርባል። አቦል ይጠጣል። ቶና ላይ ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል። በረካው ለአስተናጋጆቹ።

በዚህ የሚስቀው ወገኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ነው። ድንቅነሽን ያያት አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በሰልፍ። ዱባይን ግን ጠንቅቆ ያውቃታል፤ ወደ አሜሪካ ሲያልፍ አንድ ከሰዓት ወርዶባት፣ ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ፎቶ ተነስቷል። ስለ ዓረቦች ጠባይ እስኪመሽ ይተነትንልሃል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ግን አንተ ነህ።