ጥርኝ ውሃ በኪሎ ስንት ነው?

ኅዳር ሲገባ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ጸሎት የሚደረሰው ሚዛን ላይ ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ አምጥቶ ያስመዝናል፤ ዓይኑ ግን ሰማይ ሰማይ ያያል። ምን ትፈልጋለህ ቢሉት «ምስክር» ይላል።

«ጋሼ፣ ቤቴ ሃያ ኪሎ የነበረው እዚህ አሥራ ሰባት ሆነ።»
«መንገድ ላይ ደርቆ ነው።»
«እርስዎስ መንገድ ላይ ነው የወፈሩት?»

ጋሼ አይናደዱም። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ቆርቆሮ ይሰጣሉ፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እልልታው ሦስቱን ኪሎ ይሸፍነዋል። ከድሃው በኪሎ ወስዶ ለእግዜር በቆርቆሮ መክፈል! ዘኬዎስን ካነሡባቸውማ ጭራሽ ደስ ይላቸዋል፤ «እሱም ቀራጭ ነበር፣ ጌታ ግን ቤቱ ገባ» ይላሉ። ገባ እንጂ። ዘኬዎስ ግን የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጥቶ፣ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የሚመልሰውም ለተቀማው ሰው ነው፤ ለሕንፃ ኮሚቴ አላለም። በእሱ ሒሳብ ጋሼ የአሥራ ሁለት ኪሎ ዕዳ አለባቸው። ደግሞ እሱ ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ፤ እርስዎ የወጡት ቪኤይት ላይ ነው፣ መስታወቱም ጥቁር። በየት በኩል አይቶ ይጥራዎት?

ወደ ቡናው እንሂድ። ዲላ ላይ ኦርቶዶክሱም፣ ቃለ ሕይወቱም፣ መካነ ኢየሱሱም አንድ ረከቦት ከበው ይጠጣሉ፤ አንዳንዴ እንዲያውም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ ታዲያ በላዔ ሰብእ ይነሣል፦ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላው፣ በመጨረሻ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያቺ ውሃ የደፋችለት ሰውዬ።

«እትዬ፣ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ ገነት? ይሄ ምሕረት ነው ወይስ የበዓል ቅናሽ?»
«በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴስ? እሱ ውሃም ለማንም አላጠጣ። አስበኝ ብሎ ገባ።»
«እሱማ የሁላችንም ነው።»
«ወንበዴውን በጋራ ይዘን በላዔ ሰብእን ለእኔ ብቻ የምታሸክመኝ ለምንድን ነው?»
«ወንበዴው አምኖ ነው የገባ፣ በሥራው አይደለም።»
«አንተስ ልጄ፣ ማመንህን ሰማን። ውሃውን መቼ ነው የምትቀዳልን?»

በዚህ ዙር እትዬ አሸንፈዋል፤ ሁለተኛው ጀበናም ተጥዷል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሁለቱም ወገን ያልጠራው ሰው ነው። ሰባ ስምንቱስ? የበላቸው ሰው ታሪክ በየዓመቱ ይነገርለታል፤ የተበሉት ቁጥር ሆነው ቀሩ። ምሕረት ሲታደል ለተበዳዩ ወንበር የማይሰጥ ጉባኤ ይቅርታውን ከማን ኪስ እያወጣ ነው?

ይህ ለጌዴኦ የትርጓሜ ቤት ጥያቄ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ገደብ ላይ በየትምህርት ቤቱና በየሸራው ሥር ሰው ተጠልሎ ሳለ፣ ቤቱ ያልተቃጠለበት ሁሉ ስለ ይቅርታ አማረለት። ከሩቅ የመጣ ሰባኪ ማይክ ይዞ «ይቅር በሉ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይላችኋል» ቢላት፣ አንዲት እናት «እሺ፤ ማንን ልበል? ስሙን ንገረኝ» ብትለው ምን ይመልስላታል? «ቀጣይ መዝሙር» ነው የሚላት።

ሽማግሌዎቹ ከሰባኪው ይሻላሉ። የጌዴኦና የጉጂ አባቶች የደም ጠብ የሚዘጉበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አላቸው። እንደ ቴሌቪዥን እርቅ ተቃቅፎ ፎቶ መነሣት አይበቃም፤ በዳይ ጥፋቱን ካልተናገረ ነገሩ አይዘጋም፣ ከተዘጋ በኋላ የሚከፍተው ደግሞ እርግማን አለበት። ክርስቲያኑም ንስሐ የሚለው ይህንኑ አልነበረም እንዴ? እኛ ግን ለራሳችን ሲሆን ንስሐውን ዘለን ይቅርታውን እንጠይቃለን፤ ለጎረቤት ሲሆን ይቅርታውን ዘለን ሲዖሉን እናዝለታለን።

«እግዜር ለዚያ ሰውዬ ዝም ማለቱ ይገርማል።»
«ላንተ ዝም ሲል አይገርምህም?»
«የእኔ ድካም ነው።»
«የእሱስ?»
«የእሱማ ኃጢአት ነው!»

ዮናስ ከዚህ ዘር ነው። ነነዌ ተርፋ አኮረፈ። ስብከቱ ሠመረ፣ ንጉሡ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ ከብቱ ሳይቀር ጾመ፤ ሰባኪው ግን ከከተማ ወጥቶ እሳቱ መቼ ይወርዳል እያለ ጥላ ሥር ጠበቀ። እኛ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን እንጾምና በአራተኛው ከዮናስ ጎን ቦታ እንይዛለን።

ከሁሉ የባሰው የወይኑ ቦታ ሠራተኛ ምሳሌ ነው። በእኛ ሰዓት ስለሆነ የተነገረው ማምለጫ የለንም፦ ንጋት ላይ የገባውና 11 ሰዓት ላይ የመጣው እኩል አንድ ዲናር ተከፈላቸው። ለቃሚ በኪሎ በሚከፈልበት አገር ይህን መስበክ ድፍረት ይጠይቃል። አንድ የቡና ጓሮ ላይ ባለቤቱ እንዲህ ቢያደርግ እስኪመሽ አቤቱታው ቀበሌ ደርሶ ነበር።

«እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሬ ያለሁ ሰው፣ ትናንት ከመጠጥ ቤት ከወጣው ጋር እኩል?»
«ገብተህ ስትለቅም ነበር ወይስ ሌላው ስንት እንደለቀመ ስትቆጥር?»
«…መቁጠሩም ሥራ ነው።»
«እንግዲያው አንተም የ11 ሰዓቱ ነህ። ቅርጫትህን አንሣና ቶሎ በል፣ ሊመሽ ነው።»