የአያ ጅቦ ክታብ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሳይሠራ፣ ሰፈሩም በእነዚያ ቤቶች ስም ካዛንቺስ ሳይባል፣ የግሪኮቹ የባምቢስ ሱቅም ሳይከፈት፣ ዛሬ ባምቢስ የምንለው ቁልቁለት የእንስሳት መንደር ነበር ይባላል። ከላይ ዓለት፣ ከታች አሸዋና ወንዝ።

በዓለቱ ላይ እማማ ኤሊ ሰባት ምሰሶ ያለው ቤት ሠርታ ትኖር ነበር። ማታ ማታ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ፣ «መማር የሚወድ ይምጣ፤ እራትም አለኝ» ትላለች። የሚመጣ ግን አልነበረም፤ ትምህርቷ እንክርዳድ ከመልቀም ጀምሮ ዓመታት ይወስዳልና።

አንድ ቀን አያ ጅቦ አሸዋው ላይ ቤት ሠራ። ከበሮ አስመታና እንዲህ አለ፦ «ንግሥት ማክዳ ጥበብ ፍለጋ 797 ግመል አስጭና እስከ ኢየሩሳሌም እንደ ተጓዘች ክብረ ነገሥት ይናገራል። ለእናንተ ግን ጥበብ እደጃችሁ መጥታለች፤ በአንድ ሌሊት ትጨርሳላችሁ።»

የገባ ሁሉ በማግስቱ «ጠቢብ» የሚል ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ለከፍተኛው ማዕረግ ወደ ጓዳ የገቡት ሁለት ወይፈኖች ብቻ አልወጡም። «ወዴት ሄዱ?» ሲባል፣ አያ ጅቦ አፉን እየጠረገ፣ «ሩቅ አገር ተሾሙ» አለ። መንደሩም እልል አለ።

ከዚያ ወዲህ ክታብ የሌለው አይሾምም ተባለ። ፍየል የጎተራ ጠባቂ ሆነች፤ አህያም ዳኛ።

ፍየል ዘሩን ነቀዝ እንዳይበላው ብላ ራሷ በላችው። ሸንጎው ጎተራውን ከፍቶ አየና «አንድም ነቀዝ የለበትም» ብሎ አመሰገናት። ጉንዳን፣ «በሰኔ ምን እንዘራለን?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ክታብሽ የታለ?» ብለው አባረሯት።

ቀጥሎ ሁለት በጎች በአንድ ግልገል ተካስሰው ዳኛ ፊት ቀረቡ። አህያ የሰሎሞንን ፍርድ በወሬ ሰምቶ ነበርና፣ «ግልገሉ ለሁለት ይሰንጠቅ» አለ። እናቲቱ፣ «ጌታዬ፣ ለእሷ ይሰጥ፤ ብቻ በሕይወት ይኑርልኝ!» ብላ እግሩ ሥር ወደቀች። አህያም፣ «ሰሎሞን ሰይፍ አምጡ ብሏል፤ እኔም ብያለሁ። የተጀመረ ፍርድ አይቆምም» አለ። ግልገሉ ተሰነጠቀ። እኩል መከፈሉም በሚዛን ታየ፤ ሥጋውን አያ ጅቦ ለሚዛኑ ኪራይ ወሰደው። ሸንጎው «ሁለተኛው ሰሎሞን!» እያለ አጨበጨበ።

ነሐሴ ገባ። እንቁራሪት፣ «ወንዙ እየሞላ ነው!» ብላ ጮኸች። ሸንጎው ተሰብስቦ፣ ወንዝ ሞላ ብሎ የሚያወራ መንደር አሸባሪ እንዲባል ወሰነ፤ የእንቁራሪትም አፍ በጭቃ ተደፈነ። ውሃው ደጅ ሲደርስ፣ ወደ መጣበት እንዲመለስ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ማኅተምም ተመታበት። ውሃው ደብዳቤውን ይዞት ሄደ።

ሌሊት ጎርፉ ጎጆውን ሁሉ ሲያነቃንቅ እማማ ኤሊ ችቦ ይዛ ወረደች። ዓመት ከዓመት ብቻዋን ከዓለቱ ላይ የጠረበችው ደረጃ ነበራት፤ በዚያ ላይ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሲነጋ ሁሉም በሰባቱ ምሰሶዎች ሥር ተኮልኩለው ትኩስ ቅንጬ በሉ።

ውሃው ሲጎድል ሸንጎው ለምስጋና ተቀመጠ። «ማን አዳነን?» ተባለ። አህያ ተነሥቶ፣ «አያ ጅቦ ናቸው፤ ክታባቸው ነው የጠበቀን» አለ። አንዱ ከኋላ፣ «ደረጃውን የጠረቡትስ?» ብሎ ነበር፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ግን ጠፋ። ከዚህ በኋላ ክታብ የሌለው ደረጃ እንዳይጠርብ ተደነገገ። ለመቆፈር ስለሚቀልም ቤታቸውን መልሰው አሸዋው ላይ ሠሩ።

ግልገሏን ያጣችው በግ ግን ክታቧን በጥሳ ጥላ ወደ ዓለቱ ወጣች። «እማማ፣ ያስተምሩኝ» አለች። እማማ ኤሊም ሰፌድ አቀበለቻትና፣ «በይ ልጄ፣ ከእንክርዳዱ ጀምሪ» አለቻት።

ከታች ከበሮው እንደገና ተመታ። ለከፍተኛው ማዕረግ ወደ ጓዳ የሚገቡት ሰልፍ እስከ ወንዙ ደረሰ፤ ከሁሉ ፊት የቆመውም ዳኛው አህያ ነበር።