አንድ ቃል ቀይ ለማድረግ ይህ ሁሉ ድካም

የምንፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ፕሮግራሙ «ስህተት» ብሎ ሲጽፍ ያ ቃል ቀይ ይሁን፤ «ተሳክቷል» ሲል አረንጓዴ ይሁን፤ ሌላው ጽሑፍ እንደነበረ ይቆይ። ሥዕል አልጠየቅንም፣ አኒሜሽን አልጠየቅንም፤ አንድ ቃል ላይ አንድ ቀለም ብቻ። በጥቁር ስክሪን ላይ መቶ መስመር ነጭ ጽሑፍ ሲግተለተል ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋልና ቀለም ቅንጦት አይደለም። ይህችን ለማግኘት ግን ኮንሶል ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ጀማሪውም በሙያው ያረጀውም፣ ያንኑ አቀበት ይወጣል፤ ፕሮጀክት በለወጠ ቁጥርም ከታች ይጀምራል። ሰለቸን።

የድካሙ ሥር አንድ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ባለቤት አጣ። የሲም ሆነ የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ስለ ቀለም አንዳች አያውቅም። ፕሪንት ኤፍም ሆነ ሲ አውት ፊደላቱን ተራ በተራ ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ ምን ይምሰል የሚለው የእነሱ ጉዳይ አይደለም። ቀለሙን የሚቀባው ተርሚናሉ ነው። ቋንቋውን የቀረጸው ሌላ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሠራው ሌላ፣ ተርሚናሉን የሠራው ሌላ። እያንዳንዱ ጉዳዩን ለሌላው ትቶታል፤ ሦስቱን የማስማማቱ ሸክም የወደቀው ገና ፕሮግራም መጻፍ በሚማረው ልጅ ትከሻ ላይ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪ ፕሮግራሚንግን የሚጀምረው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። የመጀመሪያ ፕሮጀክቱም በዚያው በጥቁሩ ኮንሶል ላይ የሚሠራ የተማሪዎች ምዝገባ ወይም የሆቴል መዝገብ ይሆናል። ልጁ ሥራውን ሊያሳምረው ይፈልጋል። ከላይኛው ባች የወረሰውን ሃንድአውት ይገልጥና «ኮኒዮ የሚባለውን ሄደር አስገባ፤ ከዚያ ቴክስት ከለር ብለህ ቁጥር ስጠው» የሚል ያገኛል። እንደተባለው ይጽፋል። ኮምፓይለሩ «እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም» ይለዋል። የፊደል ግድፈት ያለ መስሎት መስመር በመስመር ሲፈትሽ ያመሻል። ግድፈት የለበትም። ያ ትእዛዝ ቦርላንድ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የተርቦ ሲ ኮምፓይለር የግል ንብረት ነው፤ ዛሬ ኮድ ብሎክስ ከሚባለው የኮድ መጻፊያ ጋር የሚጫነው ኮምፓይለር አያውቀውም። በዚያው በተርቦ ሲ እንኳ ቀለሙን የሚቀበለው ሲ ፕሪንት ኤፍ በሚባለው የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ ተራው ፕሪንት ኤፍ ቴክስት ከለርን አይሰማም። ይህን የሚነግረው ሃንድአውት ግን የለም።

ቀጥሎ የሚሰማው ምክር «ከለር የሚለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ ከፕሮግራምህ ውስጥ ጥራው» የሚል ነው። ይሠራል። ነገር ግን አንዱን ቃል ለይቶ አይቀባም፤ ስክሪኑን በሙሉ ይለውጠዋል፤ ቀደም ብሎ የተጻፈው ሳይቀር ይቀላል። ስህተቱን ብቻ ሊያጎላ የፈለገ ሰው ርዕሱም፣ ሜኑውም፣ የተሳካውም ቀልቶ ያገኘዋል። ሁሉም ቀይ ከሆነ ደግሞ ቀዩ የሚነግረን ነገር የለም። ሦስተኛው ምክር ሴት ኮንሶል ቴክስት አትሪቢዩት የሚባለው የዊንዶውስ ፈንክሽን ነው። ይህኛው ቃሉን ለይቶ ይቀባል። ሆኖም የዊንዶውስን ሄደር ያስገባ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ኮምፓይል እንኳ አይሆንም። ጓደኛህ ሌላ ማሽን ካለው ለአንዲት ቀለም ብለህ ኮዱን ሁለት ጊዜ ትጽፋለህ።

የቀለሞቹ ቁጥሮችም እርስ በርስ አይስማሙም። በዊንዶውስ ፈንክሽን 1 ሰማያዊ፣ 2 አረንጓዴ፣ 4 ቀይ ነው። በሊኑክስና በማክ ተርሚናሎች ደግሞ 1 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ፣ 4 ሰማያዊ ነው። የመጀመሪያው አቆጣጠር አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ለፒሲው ካወጣው የቀለም ካርድ የወረደ ነው፤ ሁለተኛው ከተርሚናሎች ስታንዳርድ የመጣ ነው። ሁለቱም ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች 1፣ 2 እና 4 ብለው ቆጠሩ፤ አንዱ ከሰማያዊ፣ ሌላው ከቀይ ጀመረ። የሚያስቸግረው አረንጓዴ በሁለቱም ቦታ 2 መሆኑ ነው። ሰው በአረንጓዴ ሞክሮ «ገባኝ» ይላል፤ ቀዩ ጋ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣበታል።

ስታንዳርድ ጠፍቶ አይደለም እኮ። የአውሮፓ ኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር ኤክማ 48 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣ፤ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም አንሲ ተመሳሳዩን በ1979 አጸደቀ። በመካከሉ በ1978 የወጣው የዴክ ኩባንያ ቪቲ 100 ተርሚናል አሠራሩን በዓለም ዙሪያ አስለመደ፤ ራሱ ቪቲ 100 ግን ቀለም አልነበረውም። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጽሑፉ በፊት ኢስኬፕ የሚባለው በቁጥር 27 የሚታወቅ ምልክት ይላካል፤ ቀጥሎ ግራ ባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ 31፣ መጨረሻ ላይ የላቲኑ ትንሹ ኤም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ቀይ ይሆናል። በ31 ፋንታ 32 ከሆነ አረንጓዴ፣ 34 ከሆነ ሰማያዊ፤ 0 ከተላከ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ለፊደሉ ከ30 እስከ 37፣ ከኋላው ላለው መደብ ከ40 እስከ 47። ይህን በአንድ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል።

ታዲያ ይህም በሰላም አልተተወልንም። ኢስኬፕ በስክሪን ላይ የሚታይ ፊደል ስላልሆነ በኮድ ውስጥ የሚወከልበት መንገድ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ባሽ ከወደኋላ ጭረት ቀጥሎ ኢ የምትለዋን የላቲን ፊደል ይቀበላል፤ ፓይተን አይቀበልም፤ በኦክታል 033 ተብሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል፤ ወይም በሄክሳዴሲማል። የሲ ስታንዳርድ ኢ የምትለዋን አያውቃትም፤ ጂሲሲ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋታል፤ ስለዚህ በአንዱ ማሽን ቀለም የሰጠው ኮድ በሌላው ላይሰጥ ይችላል። ጃቫስክሪፕት በጥብቅ ሁነታው 033ን አልቀበልም ይላል። ሲ ሻርፕ ኢን የተቀበላት እ.ኤ.አ. በ2024 በ13ኛው እትሙ ነው። ቋንቋ በለወጥን ቁጥር ያንኑ 27 ለመጻፍ አዲስ መንገድ መማር አለብን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው እዚህ ላይ ደረሰብን።

ትልቁ እሮሮ ግን የዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ስታንዳርድ አያውቀውም እንዳይባል እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 2 አንሲ ሲስ የሚባል ፋይል ይዞ መጥቷል፤ ፋይሉ ከተጫነ ቀለሙ ይሠራ ነበር። ከዚያ የዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን መጣና የዊንዶውስ ኮንሶል ችሎታውን ጣለው። የተመለሰው ዊንዶውስ 10 ከወጣ በኋላ ነው። በመሃል ባሉት ረጅም ዓመታት ያንን ኮድ ዊንዶውስ ላይ ያስኬደ ሰው ያየው ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት፣ ቅንፍና ቁጥር ነው። ዛሬም ቢሆን በቀድሞው ኮንሶል ፕሮግራሙ ራሱ መጀመሪያ ምልክቶቹ እንደ ቀለም እንዲነበቡ የሚያደርገውን ፈቃድ ማብራት አለበት። አለዚያ አንዱ ቤት ያማረው ፕሮግራም በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ በቅንፍ ተሞልቶ ይታያል፤ ማርክ የሚቀነሰው ደግሞ ከልጁ ነው። የፓይተን ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው የሚቀባበሉት ለሲስተሙ ባዶ ትእዛዝ መላክን ነው፤ ባዶው ትእዛዝ የዊንዶውስን ሼል ይቀሰቅሳል፤ ሼሉ ፈቃዱን አብርቶ ሳያጠፋው ይወጣል፤ ከዚያ ቀለሙ ይሠራል። ምክንያቱ ያልተነገረው ጀማሪ ይህን እንደ ድግምት ይዞ ይኖራል። በዚያ ላይ ከፓይተን ጋር የሚመጣው አይድል መስኮት እነዚህን ምልክቶች እንደ ቀለም አያነባቸውም፤ አይድል ውስጥ የሞከረ ተማሪ ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አልሠራልኝም ብሎ ይተወዋል።

ቀለሙ ከተገኘ በኋላም እርስ በርስ የምንበዳደልበት ሌላ ጉዳይ አለ። ቀይ አብርቶ 0 ሳይልክ የሚወጣ ፕሮግራም ተርሚናሉን ለተጠቃሚው ቀይ አድርጎ ይተውለታል፤ ቀጥሎ የሚጽፈው ሁሉ የስህተት መልክ ይይዛል። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ተቋርጦ ሲወጣ ይህ በተለይ ይደርሳል፤ የሚያጸዳው ማንም የለም። ከዚህ የሚብሰው ውጤቱን ወደ ፋይል ስንልክ ነው። ፋይል ቀለም የለውም፤ ምልክቶቹ ግን አብረው ይገባሉ። ሌሊት የተሠራውን ሥራ መዝገብ ጠዋት የሚከፍት የሲስተም ባለሙያ በየቃሉ ፊትና ኋላ 31 እና 0 ተሰክቶ ያገኛል። አንድን ቃል ራሱን እንደቻለ ቃል ሲፈልግ ሊያጣው ይችላል፤ ቃሉና ቁጥሩ ተጣብቀዋልና። ግሬፕን የመሳሰሉ የቆዩ መሣሪያዎች «በራስህ ወስን» ሲባሉ የሚጽፉት ለስክሪን ነው ወይስ ለፋይል ብለው ይጠይቃሉ፤ ለስክሪን ካልሆነ ቀለሙን ይተዉታል። ይህ ጥያቄ በሲም በፓይተንም አንድ መስመር ነው። ያቺን አንድ መስመር መጻፍ የሰነፉ ፕሮግራሞች ግን በየቀኑ ያጋጥሙናል። ቀለም ጨርሶ የማይፈልግ ሰውም መብት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖ ከለር የሚባል ስምምነት ቀርቧል፤ በዚህ ስም የተሞላ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ካለ ፕሮግራሙ ቀለም እንዳይጨምር ይጠይቃል። ሁሉም ግን አያከብረውም።

የቀለሙ ምርጫስ? ተርሚናሉ 34 ሲባል ሰማያዊ ይቀባል እንጂ የትኛውን ሰማያዊ እንደሚቀባ የሚወስነው እሱ ነው። የቀድሞው የዊንዶውስ ሰማያዊ በጥቁር ላይ ዓይን እስኪጠፋ ድረስ ጨለማ ነበር። ማይክሮሶፍት ከሃያ ዓመት በላይ ያልነካውን የቀለም ሰንጠረዥ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ አስቀድሞ ተጭኖ የነበረው ኮምፒውተር ላይ ግን አሮጌው ባለበት ቆየ። በነጭ ስክሪን የሚሠራ ሰው ደግሞ ቢጫውን አያየውም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ሰዎችም አሉ፤ ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች መካከል 8 በመቶ ገደማ ናቸው። ያለፈውንና የወደቀውን በቀለም ብቻ የሚለይ ፕሮግራም ለእነዚህ ሰዎች ምንም አልነገራቸውም።

እኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3 ውስጥ ገብቷል። ይሁንና በቀድሞው የዊንዶውስ ኮንሶል «ስህተት» የሚለውን በአማርኛ ጽፎ ቀይ ያደረገ ሰው የሚያየው ቀይ ሣጥኖችን ወይም የጥያቄ ምልክቶችን ነው፤ የተመረጠው ፎንት ፊደላችንን ካልያዘ ኮንሶሉ ከሌላ ፎንት አይበደርም። አዲሱ ዊንዶውስ ተርሚናል ይህን አሻሽሎታል፤ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስለሚሰጥ ሰፋፊዎቹ ፊደሎቻችን ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ልጆቻችን ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠሩትን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። ቀለሙ የትንሽነቱን ያህል ቢያበሳጭም ይህኛው ያማል፤ ሰው በገዛ ቋንቋው መልእክት እንዳያነብ ያደርገዋልና።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ቋንቋ የምትቀርጹ፣ ቀለምን በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ አስገቡልን፤ ሲ ሻርፕ ፎርግራውንድ ከለር ብሎ ማስገባት ከቻለ ሌላውም ይችላል። መምህራን፣ የተርቦ ሲን ሃንድአውት ጡረታ አውጡት፤ ተማሪው በምን ኮምፓይለርና በምን ተርሚናል እንደሚሠራ ጠይቁት፤ ቀለሙን የሚቀባው ቋንቋው ሳይሆን ተርሚናሉ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ግማሹ ድካም እዚያው ይቀራል። ፕሮግራም የምትጽፉ፣ ያበራችሁትን መልሱ፤ «ስህተት» የሚለውን ቃል በቀለም አትተኩት፤ ኖ ከለር ያለውን ሰው አክብሩት። ሥራችሁንም ለሌላ ከማስረከባችሁ በፊት ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩና ፋይሉን ከፍታችሁ አንብቡት፤ በቃላቱ መካከል ቅንፍና ቁጥር ካያችሁ ሥራው ገና አላለቀም።