ለክተውታል አሉ፤ ማን ያንብበው?

ኮምፒውተር ሲነሣ ፈርምዌሩ ቡትሎደሩን፣ ቡትሎደሩ ደግሞ ከርነሉን በሃሽ ይለካል። ማን አስነሣኝ፣ በየትኛው ኮድ ነው የተነሣሁት ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ ነው። ይሁን፣ ማንም አልተቃወመም። ግን ኧረ ለመሆኑ፣ ይህ ሁሉ ልኬት ለማን ተብሎ ነው የሚከማቸው? ለእኛ ለሰርቨር ጠባቂዎቹ ከሆነ፣ የሚደርሰን ድፍን ነገር ነው።

ልኬቶቹ የሚከማቹበትን ቺፕ፣ ቲፒኤሙን ተመልከቱት። ፒሲ ላይ ያለው ልኬት የሚይዙ 24 ፒሲአሮች አሉት። አዲስ ልኬት ሲመጣ ከነባሩ እሴት ጋር ተቀጥሎ እንደገና ሃሽ ይደረጋል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንዲት ቢት ብትለወጥ እሴቱ እንዳለ ሌላ ይሆናል። ምን እንደተለወጠ ግን ከቁጥሩ አይነበብም፤ ሕጋዊ ማሻሻያም ይሁን ሰርጎ ገብ ለእሱ አንድ ነው። ታሪኩ ያለው በልኬቶቹ ምዝግብ ውስጥ ነው፤ እሱንም የሊኑክስ ከርነል በሴኩሪቲኤፍኤስ በኩል በባይነሪ ያወጣዋል፣ ሩት ላልሆነ አያሳይም። የሚፈቱት መሣሪያዎች አሉ፤ ከፈቱት በኋላም ግማሹ መስመር ለአምራቹ እንጂ ለሌላ ሰው ትርጉም የለውም። ዊንዶውስ የሚያስተዳድሩ ወዳጆቻችንም አልተረፉም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 አንድ የደኅንነት ማሻሻያ ከገባ በኋላ ዲስክ የሚመሰጥረው የቢትሎከር የመልሶ ማግኛ ገጽ ሲነሡ የጠበቃቸው ማሽኖች እንደነበሩ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። በስልክ ለሰው አንብባችሁ ካላወቃችሁ፣ እድለኞች ናችሁ።

ስለ ቲፒኤም ስናለቅስ የኖርነው ዳይስን እስክናየው ድረስ ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፣ ይህን አልክድም። በቺፑ ውስጥ ልዩ ምስጢር ይቀመጣል፤ ከእሱና ቀጥሎ ከሚነሣው ኮድ ልኬት አዲስ ምስጢር ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። ኮዱ ከተነካ ከዚያ በታች ያለው ምስጢር ሁሉ ይለወጣል። ቡትሎደሩ የደረሰበትን ምስጢርና የምስክር ወረቀቶቹን ሰንሰለት ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና ይሰናበታል። ያንን ለፕሮግራሞች የሚያቀብለው ኦፕን-ዳይስ የተባለው ድራይቨር ነው፤ ሊኑክስ ውስጥ የገባው በ5.18፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

አቀባበሉን ተመልከቱልኝ። የመሣሪያውን ፋይል እንደ ማንኛውም ፋይል ብታነቡት ይዘቱን አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁ የሜሞሪ ክልሉን መጠን ነው። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ፋይሌን ስትሉት «ይህን ያህል ገጽ ነው» ብሎ መስኮቱን እንደሚዘጋባችሁ ጸሐፊ ማለት ነው። መጠኑ ራሱ በባይነሪ ስለሚወጣ ካት ብላችሁ ስታዩት ተርሚናሉ ላይ የማይነበብ ኮተት ይረጫል። ይዘቱን የፈለገ ኤምማፕ ያድርግ። ብትጽፉበትስ? የጻፋችሁትን ዞር ብሎም አያየው፤ ያንን የሜሞሪ ክልል በሙሉ ይደመስሰዋል። ማሽኑ ዳግም እስኪነሣ ድረስ ማንነት የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ የተደረገው በስንፍና አይደለም፤ ምክንያቱ ይገባናል። በዚያ ክልል ያለው ምስጢር ስለሆነ፣ የሚገባው አገልግሎት ከወሰደ በኋላ ሌላው እንዳይደርስበት መጥፋት አለበት። በዚሁ ምክንያት ሜሞሪው ፎርክ ሲደረግ ወደ ልጁ ሂደት አይተላለፍም፣ ኮር ደምፕ ውስጥም አይገባም። ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቃል። ግን ማጥፋትን ከመጻፍ ጋር አንድ ማድረግ፣ ማንበብን ደግሞ መጠን መጠየቂያ ማድረግ! ምስጢሩን ማን እንደያዘ ለማወቅ የደከመ የፈተሻ ስክሪፕት በመሣሪያው ፋይል ላይ አንድ ባዶ መስመር ቢያንጠባጥብ፣ ሌሊት የሚቀሰቀሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ቅርጹ ነው። ድራይቨሩ የሚያቀብለው ባይት ብቻ ነው፤ ውስጡ ኤክስ.509 ይሁን ሲቦር፣ ምስጢሩ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ከርነሉ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። የሚያውቀው ቡትሎደሩን የጻፈው ቡድን ነው። እሱ ደግሞ ቦርዱን ሸጦ ወደሚቀጥለው ቦርድ ተሻግሯል፤ ሰነድ ሲጠየቅ «ኮዱን እዩት» ይላል፣ ኮዱ ደግሞ የለም። ስለዚህ ይኸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ፈቺ እንጽፋለን፤ ቦርዱ በተቀየረ ቁጥርም እንደ አዲስ።