ብሎኑ ስብሰባ ላይ ነው

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ልጅዎ ከሙኒክ ብርድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።

ጋሼ፣ ጋራዡ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «የኛ ልጅ ጀርመን አገር ተርባይን ይሠራል» እንደሚሉ ልጅዎ ሰምቷል። ኋላ እንዳያፍሩ ከወዲሁ ይወቁት፤ ተርባይን አይሠራም። ለተርባይኑ ዘይት የሚያዘዋውር ፓምፕ አለ፤ ፓምፑ የሚቆምበት እግር አለ፤ እግሩን የሚያስሩ ብሎኖች አሉ። ልጅዎ የብሎኖቹ ሰው ነው።

አለቃው አንድ ቀን «ብሎኑን በአዲሱ ተካው» አለው። እርስዎ ቢሆኑ ከቆርቆሮው ውስጥ ፈልገው፣ ዳዶውን አጥብቀው፣ ቡናዎ ሳይቀዘቅዝ ይመለሱ ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። የ10 ሚሊሜትር ብሎን በድሮው የጀርመን ደረጃ በ17 ቁልፍ ነበር የሚፈታው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ 16 አደረገው። የ12ቱም ከ19 ወደ 18 ወረደ። የ8ቱን ግን ማንም አልነካው፤ ያው 13 ነው።

ለዚህች አንዲት ሚሊሜትር አዳራሽ ሙሉ ሰው ተጠራ። ግዥ ክፍሉ በመጋዘን ያለው አሮጌ ብሎን ምን ሊሆን ነው አለ። የስሌቱ ሰው ተነሥቶ፣ ጭንቅላቱ ሲያንስ ብረቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታም ስለሚጠብ ጫናው ይጨምራል ብሎ በሰሌዳ አስረዳ። እውነቱን ነው። ከዚያ ደግሞ የመለያ ቁጥር ክርክር መጣ፦ የዕቃው ቅርጽ፣ አገጣጠሙና ሥራው ካልተለወጠ የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል፤ ከተለወጠ እንደ አዲስ ሕፃን አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ልጅዎ ሊስቅ ሲል ከጥግ የተቀመጡ የጥገና ሽማግሌ «በረሃ መሐል 17 ቁልፍ ብቻ ይዞ የቆመውን ልጅ ማን ይነግረዋል?» አሉ። ሳቁ እዚያው ቀረ።

አገሩ ለደረጃ ያለው ፍቅር የቆየ ነው። የደረጃ ተቋማቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1917 ተመሠረተ። በዓመቱ ቁጥር 1 ብሎ ያወጣው ደረጃ ስለ ምን ይመስልዎታል? ስለ መድፍ? ስለ ባቡር? የለም፤ ጫፉ ስለሾጠጠ ትንሽ የብረት ፒን ነው። በ1922 ደግሞ ወደ ወረቀት ዞሩ። ቀበሌያችን ማኅተም የሚያሳርፍበት ኤ4፣ 210 በ297 ሚሊሜትር፣ የዚያ ዘመን ልጃቸው ነው።

ደግሞ የሰዓቱ ነገር! የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ታግሎ ከ1995 ጀምሮ በምዕራቡ ክፍል ሳምንቱን 35 ሰዓት አድርጎታል። ሕጉም በመደበኛው ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አያሠራም። ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ ሰዓቱን አይቶ ቦርሳውን ያነሣል፤ የሚቀየመው የለም። አገር ቤት ደንበኛ ነው «ነገ ና» የሚባለው፤ እዚህ ብሎኑ ራሱ ነገ ይባላል።

የብሎኑ ለውጥ እስካሁን አልጸደቀም። የመመሪያ ጸሐፊዎቹ በየቋንቋው የሚታረመውን ገጽ እየቆጠሩ ነው።

ለእትዬ ሰላምታ ያድርሱለት። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ልጅዎ 16 ቁልፍ ይልክልዎታል፤ 17ቱን ግን እንዳይጥሉት።