ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ለማኝ እንዲሆን የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በአዲስ አበባ ከተማ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲፈልስ የኖረው የአረጋውያን መርጃ ማኅበር የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣልን የነበረው ገንዘብ እንደ በጋ ምንጭ መንጠፉን በታላቅ ኀዘን ከተመለከትን በኋላ፣ በሻይና በዳቦ ቆሎ ስንመክር ሰንብተን፣ የመለመን ክብር እስከ ዛሬ የፕሮፖዛል ጸሐፊያችን ብቻ ርስት ሆኖ መኖሩ በሌላው ሠራተኛ ላይ የተፈጸመ ግፍ መሆኑን ስለ ተረዳን፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ያለው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ለማኝ እንዲሆን አውጀናል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪያችን ከገቢያችን 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ይህንንም ልክ የቦርዱ ስብሰባ ብቻውን ሊሞላው ስለ ተቃረበ፣ ለልመናው ሥልጠናም ሆነ አበል አልተመደበም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ለማለት ሲወጣ አበል የጠየቀበት ዘመን አለን?

ዘበኛችን በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ «ኃላፊዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ሲመልሱ የኖሩ ታማኝ ሰው ናቸው፤ ከመለሷቸውም መካከል ብርድ ልብስ አሸክመው የመጡ አንዲት እናት እንደነበሩ ዘግይተን ሰምተናል። ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ ከተቀጠሩ ጀምሮ ማንም ነግሯቸው ስለማያውቅ ግን አንፈርድባቸውም። ከእንግዲህ ወዲህ እንግዳውን ወንበር ሰጥተው፣ ስንት አረጋውያን እንደምንጦር፣ የአንድ አረጋዊ የዕለት ምግብ ስንት ብር እንደሚፈጅ ያስረዱ፤ ቁጥሩን ከሥራ አስኪያጁ ይጠይቁ፤ ሥራ አስኪያጁ ባያውቁት ከሂሳብ ክፍል፣ ሂሳብ ክፍሉ ባያውቀው ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ይጠይቁ። እርሳቸው በርግጥ ያውቁታል፤ የሽንኩርት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሲነግሩን የሰማቸው አልነበረም።

እናንተ በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ፈቃዳችሁ በጎ መሆኑን ያለ ጥርጥር ስላመንን፣ ከዛሬ ጀምሮ ግዴታ አድርገነዋል። እያንዳንዳችሁ አንድ ጥራዝ የቶምቦላ ትኬት ትወስዳላችሁ፤ ያልተሸጠውን ራሳችሁ ትገዛላችሁ፤ ዕጣው የሚወጣበት ቀን ወደፊት ይገለጻል። በየዕድሩ፣ በየዕቁቡና በየጽዋ ማኅበሩ መሸጥ የተፈቀደ ሲሆን፣ በለቅሶ ቤት ግን ሣልስት ሳይወጣ ትኬት መዘርጋት ክልክል ነው። ዝርዝር ብር የለኝም የሚል ሰው ቢያጋጥም በቴሌብር እንዲልክ በትሕትና ይነገረው፤ ይህ ምክንያት በ2013 ዓ.ም. ሞቶ ተቀብሯልና። ምጽዋት በስውር እንዲሆን መታዘዙን አንዘነጋም፤ ነገር ግን የሰጪውን ፎቶግራፍ ያላያያዘ ሪፖርት ተቀባይነት የለውም።

እኛ የቦርዱ አባላት ክብራችን ስለማይፈቅድልን ከልመና ነጻ ነን። በምትኩ በታላቅ ሆቴል የገቢ ማሰባሰቢያ ራት እየተጋበዝን እንበላለን። ባለፈው ራት ላይ ጭብጨባ እያጀበው ቃል የተገባው ገንዘብ እስከ ዛሬ በቃልነቱ ጸንቶ ይገኛል፤ የሆቴሉ ሂሳብ ግን በማግሥቱ ተከፍሏል። በዚሁ ራት ላይ የገቡትን ቃል በጊዜው የፈጸሙት ሾፌራችን ብቻ መሆናቸውን ገንዘብ ያዧ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው፣ ነገሩ ከአጀንዳው ውጭ ሆኖ ስለ ተገኘ ሳይመዘገብ ቀርቷል።

ይህ አዋጅ በጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለማሳተሚያ የሚሆን ገንዘብ ስላልተገኘ ግን ለጊዜው በግቢው በር ላይ ተለጥፏል፤ ያነበበ ሁሉ የቻለውን ለዘበኛው ይስጥ፣ ደረሰኝም ሳይቀበል አይሂድ።